መክደኛው ላይ የተጻፈው

ስማዳ ውስጥ አንድ ሰው በመውቂያ ማሽን እጁን ተጎዳ የሚለው ወሬ ባሕር ዳር የደረሰው በታኅሣሥ፣ የገብስ ውቂያ በጦፈበት ሰሞን ነው። ማሽኑን ገጣጥሞ የሸጠው ኩባንያ ጠበቃ ወሬውን እንደሰማ የአጠቃቀም መጽሐፉን አወጣና ገጾቹን አገላብጦ የሚፈልገውን አገኘ። «ማናቸውም የጥገና ተግባር ከመከናወኑ በፊት የኃይል ምንጩ እንዲቋረጥ መደረግ ይኖርበታል» ይላል። ጠበቃው መጽሐፉን ዘጋው።

«ተጽፏል» አለ። «እኛን የሚጠይቀን የለም።»

ስብሰባው ላይ የነበረው ሁሉ እፎይ ሲል ዮርዳኖስ ብቻ መጽሐፉን ስባ እንደገና ከፈተችው። ኩባንያው የቀጠራት በዚያው መስከረም ነበር። ሥራዋ ኩባንያው የሚሸጣቸው ማሽኖች እንዴት እንደሚሠሩ ለገዢው የሚያስረዳ መጽሐፍ መጻፍ ነው፤ ያኛው መጽሐፍ እሷ ከመምጣቷ በፊት ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ደጋግማ አነበበችው። ውስጡ ሰው የለም። የሚያቋርጠው ማን ነው? የኃይል ምንጭ የተባለውስ የቱ ነው? የተሰነጠቀ ጣቱን አውድማ ላይ በነጠላው ጫፍ የጠቀለለ ገበሬ ይህን አንብቦ ምን ያድርግ?

ከስብሰባው በኋላ የሥራ አስኪያጁን የአቶ ኃይለ ሚካኤልን በር አንኳኳች።

«ስማዳ ልሂድ» አለችው።

«መጽሐፉ የሚጻፈው እዚህ አይደለም እንዴ? ስማዳ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማሽኑን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሲይዙት ሳላይ ምን ብዬ ልጽፍ ነው?»

ኃይለ ሚካኤል ከብየዳ ሥራ ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ሰው ነበር። ማሽን ከወረቀት ሳይሆን ከድምፁ የሚታወቅ ነገር እንደሆነ አይጠፋውም። ጥቂት አሰበና «ሂጂ» አላት። «ከተጎዳው ሰው ጋር ግን ስለ ካሳ እንዳትነጋገሪ። እሱ የኔ ጣጣ ነው።»

ዮርዳኖስ የንፋስ መውጫ ልጅ ናት፤ ጋይንትን አብጠርጥራ ታውቀዋለች፣ ወደ ስማዳ ግን ወርዳ አታውቅም። ከደብረ ታቦር በመካነ ኢየሱስ በኩል ስትሄድ መንገዱ አጥንቷን እየለቃቀመ አደረሳት። የወረዳው ከተማ ወገዳ ገብታ መጀመሪያ የጠየቀችው የኩባንያውን ወኪል ነፊሳን ነበር። ነፊሳ ከገበያው ጥግ የመለዋወጫ ሱቅ አላት፤ ከጣራው ላይ የሞተር ቺንጋዎች፣ እነዚያ የጎማ ቀበቶዎች፣ እንደ ቋንጣ ተሰድረው ተንጠልጥለዋል።

«ይህን ሁሉ ቺንጋ ማን ይገዛሻል?» አለቻት ዮርዳኖስ።

«የናንተ ደንበኞች» አለች ነፊሳ። «ማሽኑ ይታነቃል፣ ቺንጋው ይቃጠላል፣ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ነጋዴ ነኝ፣ ሲሸጥልኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወላሂ፣ እየተራገሙ ሲገዙኝ ግን ደስ አይልም። ነይ ግቢና እዪ የሚሉኝ እኔን ነው፤ እናንተን ማን ያገኛችኋል?»

በማግስቱ ጠዋት ነፊሳ ሱቋን ለእህቷ ትታ ወደ አውድማው ወሰደቻት። የመውቂያ ማኅበሩ መሪ ተሾመች የምትባል፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያሠረች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ማኅበሩ ማሽኑን ይዞ ከአውድማ አውድማ እየዞረ ይወቃል። የዚያን ዕለትም ባለ ክምሮቹ ተራ እየጠበቁ ነበር። ከድንጋይ ካቡ ላይ እጃቸውን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በማሽኑ የተጎዱት፣ ጓዴ የሚባሉት እሳቸው ናቸው።

ዮርዳኖስ ራሷን አስተዋውቃ «እንደ ወትሮው ሥሩ፣ እኔ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው» አለች።

ማሽኑ ተነሣ። ነዶው ገና ከጤዛ አልተላቀቀም ነበር። ጥቂት እንደወቃ ነዶውን የሚወቃው የማሽኑ ከበሮ ድምፅ ወፈረ፣ ቺንጋው መጮህ ጀመረ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። አንዱ ጎልማሳ ሳያመነታ መክደኛውን ብድግ አደረገና ሞተሩ እየሠራ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«አጥፉት፤ እባካችሁ አጥፉት» አለች ዮርዳኖስ።

ተሾመች ለእንግዳ ክብር ብላ አጠፋችው። የታነቀው ገለባ ወጣ። ከዚያ መልሶ ማስነሣቱ መጣ። አንዱ የእጅ መዘውሩን ይዞ ታገለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ሦስተኛው ጋቢውን ጥሎ ገባበት። ሞተሩ እምቢ አለ። ተራ የሚጠብቁት ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዱማ በሬዎቼን አምጥቼ ባበራይ ይሻለኝ ነበር አለ። ፀሐይ ከፍ እያለች ሄደች።

«አየሽ?» አለቻት ተሾመች። «መጽሐፋችሁ አጥፉ ይላል፤ እሱን እናውቃለን። አጥፍተን እንዴት እንደምናስነሣው ግን አይነግረንም። ስለዚህ አናጠፋም።»

ዮርዳኖስ ወደ ጓዴ ዞረች። «መጽሐፉን አይተውት ያውቃሉ?»

«አንብቤዋለሁ እንጂ ልጄ» አሉ ጓዴ። «ድቁና ያለኝ ሰው ነኝ፤ ንባብ አይቸግረኝም። ያንን መጽሐፍ ካነበብሁ በኋላ ግን ግእዙ ይቀለኛል ብያለሁ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከጨርቁ ላይ አልተነሣም።

ዮርዳኖስ ስልኳን አውጥታ የሞተሩን ፋብሪካ የራሱን መጽሐፍ ከፈተች። ስለ ማስነሣት የሚናገረውን ክፍል አገኘችና ከአማርኛው ጋር አስተያየችው። አማርኛው «የእመቃ መልቀቂያ ዘንጉ በተገቢው ሁኔታ ሥራ ላይ እንዲውል ይደረግ» ብሎ አልፎታል። ዘንጉ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደሚነካ አንዲት ቃል የለም። ሞተሩ ዘንድ ሄዳ ተንበረከከች። ገለባና ዘይት የተጋገረበትን አናቱን በጨርቅ እየጠረገች በጣቷ ዳሰሰች። ከሞተሩ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም የተቀባች፣ የአውራ ጣት ርዝመት ያላት ብረት እጇ ላይ መጣች። ወደ ላይ ስታነሣት ቀጭ አለች፤ መዘውሩን የሚያከብደውን የታመቀ አየር የምታስወጣው እሷ ነበረች።

«አሁን አዙሩት» አለች።

ያ ሁሉ ጎልማሳ የታገለው መዘውር እንደ እንዝርት ቀለለ። ሲፈጥን ብረቷን ለቀቀቻት። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሣ።

ተሾመች ሞተሩን ራሷ አጠፋችው። ብረቷን አነሣች፣ ብቻዋን አዞረች፣ ለቀቀች። ተነሣ። ደግማ አጠፋች፣ ደግማ አስነሣች። ማሽኑን ሲያመጣ ያስረከባቸው ባለሙያም አስነሥቶላቸው ነበር፤ ግን አውራ ጣቱ ምን እንደሠራች ማንም ልብ አላለም፣ እሱም አልነገራቸውም።

ጓዴ ከካቡ ተነሥተው መጡ። በደህናው እጃቸው ብረቷን ነኩና «ይቺን ባውቅ አጠፋው ነበር» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ዮርዳኖስ ቃላቸውን እንዳለ ጻፈችው። ሥራዋ ምን እንደሆነ እንደዚያ ጠዋት ጠርቶ የታያት ቀን አልነበረም።

ሳምንቱን ወገዳ ከረመች። ነፊሳ ቤት እያደረች ቀን ቀን አውድማ ትውላለች። የጻፈችውን ጮክ ብላ ታነብና ዓይኗን ከአድማጩ እጅ ላይ አትነቅልም። «ሞተሩን ያጥፉና መክደኛውን ይክፈቱ» ብላ ስታነብ፣ እጃቸው ከማጥፊያው ወደ መክደኛው ወዲያው ሄደ፤ ከበሮው ግን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ በራሱ ግፊት ይሽከረከር ነበር። ቃሏ ራሱ የሰው እጅ ሊያስቆርጥ እንደነበር አየች። ሰርዛ ጻፈችው፦ «ሞተሩን ያጥፉ። ከበሮው መቆሙን በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ መክደኛውን ይክፈቱ።» አሁን እጆቹ ጠበቁ።

ሌላም ነገር አስተዋለች። መጽሐፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ በማኅበሩ ሣጥን ተቆልፎበታል፤ አውድማ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ዋናው ቃል ከነሥዕሉ መክደኛው ላይ መለጠፍ አለበት፤ እጅ ከሚደርስበት፣ ማንበብ የማይችልም ከሚያየው።

ባሕር ዳር ስትመለስ ያዘጋጀችው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጹ ላይ የጓዴ የተጎዳ እጅ ፎቶ ነበረበት። እሳቸው ፈቅደውላታል። ከሥሩ «ይህ ማሽን እርጥብ እህል አይወቃም» የሚል በደማቁ ተጽፏል።

የሽያጭ ኃላፊው አስቻለው አይቶት ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኩባንያው ደመወዝ ያልከፈለበትን ክረምት ያስታውሳል፣ ያን ጊዜ ያወጣቸውም የእሱ መሯሯጥ ነው። ግድግዳው ላይ ያሠራው ማስታወቂያ «በማንኛውም ጊዜ፣ እርጥብም ደረቅም» ይላል።

«በጥር መጨረሻ ንፋስ መውጫ ላይ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ማኅበራት ተሰብስበው የሚገዙትን ማሽን ይመርጣሉ» አለ። «ሌላው ተወዳዳሪ ሁሉንም እወቃለሁ እያለ ነው። አንቺ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ገጽ አንችልም ልትይ ነው።»

«ስለማንችል ነው።»

«ቆይ፣ የምትሠሪው ለማን ነው?»

«ደመወዜን የምትከፍሉኝ እናንተ ናችሁ» አለች ዮርዳኖስ። «ገጹን የሚገልጠው ግን ገበሬው ነው። እሱ ካልገባው እኔ ለእናንተም አልሠራሁም።»

ኃይለ ሚካኤል ፎቶውን ሲያይ ቆየ። «ይህን ያየ ሰው ሁለተኛውን ገጽ ይገልጣል?» አላት።

ዮርዳኖስ ልትከራከር ነበር። ስለ ወገዳ አሰበች። ጓዴ ፍርሃት አልጎደላቸውም ነበር፤ የጎደላቸው መንገድ ነበር። የሚያስፈራ ነገር ብቻ የያዘ መጽሐፍም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀረው።

«ልክ ነዎት» አለች። «ፎቶውን አወጣዋለሁ። በቦታው የማስነሻዋ ብረት ትግባ፤ ፋብሪካውም ቀይ ይቀባት። የእርጥብ እህሉን ቃል ግን አላወጣም። ነፊሳ ሱቅ የተሰቀለውን ቺንጋ አይቼዋለሁ። በዋስትና እየመለሱ የሚያመጡብንንም እናንተ ታውቁታላችሁ። ሁሉም የተቃጠለው እርጥብ ገብስ ላይ ነው። እያቃጠለው ያለው ያ ማስታወቂያ ነው።»

የተመለሰው ቺንጋ ቁልል ከአስቻለው ቢሮ ጀርባ ነው ያለው።

«እንዴት አድርገሽ ትጽፊዋለሽ?» አላት ኃይለ ሚካኤል።

«‹ጤዛው ሲደርቅ ይጀምሩ። ደረቅ ገብስ ላይ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሳይታነቅ ይሠራል።›»

«ሁለተኛውን እኔም እሸጠዋለሁ» አለ አስቻለው ቀስ ብሎ።

«የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው ውሸት ነው።»

ጠበቃውም የራሱን ጥያቄ አነሣ። ኩባንያው የሚጠየቅበትና የማይጠየቅበት ካልተለየ አልፈርምም አለ። ዮርዳኖስ አልተቃወመችውም። «ሞተሩ እየሠራ መክደኛው ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል» ብላ ጻፈችለት፤ ከመጨረሻው ገጽ አውጥታም ከፊት አስገባችው። ጠበቃው የራሱን ሐሳብ እንዲህ በአጭሩ አይቶት አያውቅምና ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ። አስቻለውም ማስታወቂያውን ከግድግዳው በራሱ እጅ አወረደው።

የጥር መጨረሻ ንፋስ መውጫ ላይ ብርዱ ይቆርጣል። በዚያ ጠዋት ደግሞ ከጉና በኩል የመጣ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ከከተማው ወጣ ባለው ሜዳ የማኅበራቱ ተወካዮች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተሰብስበዋል። የተወዳዳሪው ኩባንያ ሰዎች ሸራ ሥር ያቆዩትን ደረቅ ነዶ አውጥተው ቀደም ብለው ወቁ። ጥሩ ወቁ። አስቻለው ከኃይለ ሚካኤል ጎን ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ ጉሙን ያያል። የእሱ ማሽን አጠገብ የተከመረው ገብስ ገና እርጥብ ነው። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ተሾመች ናት፤ ከወገዳ ድረስ ከጓዴና ከነፊሳ ጋር መጥታለች።

«እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ የእስቴው ተወካይ ይሁኔ። ረጅም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። «የናንተ እርጥብ ይወቃል?»

መልሱ የአስቻለው ነበር። ዮርዳኖስ ልትመልስለት አትችልም።

«አይወቃም» አለ አስቻለው። «ጤዛው ሲደርቅ ነው የምንጀምረው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዳንዱ ሳቀ። ይሁኔ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም። ከክምሩ ሥር ውኃ የጠጣ ነዶ መዘዘና ለተሾመች ሰጣት። «ባይችልም አስገቢውና ምን እንደሚሆን እንይ» አላት። «እኛ አገር ጤዛው ሳይደርቅ የሚጀምር ችኩል አይጠፋም።»

ተሾመች ዮርዳኖስን አየቻት። ዮርዳኖስ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ነዶው ገባ። ከበሮው አጓራ፣ ቺንጋው ጮኸ፣ ማሽኑ ታነቀ። አስቻለው ዓይኑን ጨፈነ።

ተሾመች ግን አልተጣደፈችም። ሞተሩን አጠፋችው። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ከበሮውን ቆማ አየችው፤ ሰውም አብሯት አየ። ከበሮው ሲቆም መክደኛውን ከፍታ እርጥቡን ገለባ ጎትታ አወጣችና ከይሁኔ እግር ሥር ጣለችው። መክደኛውን ገጠመች። ቀይዋን ብረት አነሣች፣ መዘውሩን ብቻዋን አዞረች፣ ብረቷን ለቀቀች። ሞተሩ ተነሣ።

ከዚያ ሴቶቹ ካሉበት በኩል እልልታ ተነሣ።

«እንዴት ነው ያስነሣሽው?» አለ ይሁኔ ጠጋ ብሎ። «እኛ ያለን ሞተር አራት ሰው ይፈልጋል።»

«መክደኛው ላይ ተሥሏል» አለችው።

ይሁኔ ጎንበስ ብሎ ሥዕሎቹን አየ፤ ከሥራቸው ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ራሱ አጠፋው፣ ከበሮው እስኪቆም ጠበቀ፣ ብረቷን አነሣ፣ አስነሣው። ከኋላው ሌላው እኔም ልሞክር አለ። ከዚያም ሌላው። ሰልፍ ሆነ። ጓዴ ከማሽኑ ጎን ቆመው፣ የቀሩትን ጣቶቻቸውን እያነሡ «ቆይ፤ ከበሮውን እየው፤ አሁን ክፈት» እያሉ እያንዳንዱን ያስተምራሉ። ከሰው ሁሉ በላይ የሚሰማው የእሳቸው ቃል ነበር።

ጉሙ ሲገለጥ ፀሐይ ክምሩ ላይ ወረደች። ገብሱ እስኪደርቅ ማንም አልሄደም። ደርቆ ሲጀመር ማሽኑ እስከ ቀትር አልታነቀም፤ ፍሬው በአንድ በኩል እየተንዠቀዠቀ፣ ገለባው በሌላው እየበረረ፣ የነፋሱ መውጫ ነውና የሁሉም ጋቢ እብቅ ለበሰ። ተወካዮቹ ፈቀቅ ብለው መከሩ። ምክሩ አልረዘመም። ይሁኔ ተመልሶ መጣና ለኃይለ ሚካኤል እጁን ዘረጋ።

«ማሽኑ የማይችለውን የነገረን እሱ ብቻ ነው» አለ ወደ አስቻለው እያመለከተ። «የሚችለውንም ሲነግረን እናምነዋለን።»

ኃይለ ሚካኤል ከጓዴ ጋር ካብ ላይ ተቀምጦ ብዙ አወራ። ምን እንደተባባሉ ዮርዳኖስ አልሰማችም፤ ሲነሡ ግን ሥራ አስኪያጁ የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አየችው። በኋላ እንደነገራት ጓዴ የሚገባቸውን ካሳ ያገኛሉ፤ ካሳውን ሲቀበሉም በየወረዳው ማሽን የሚረከቡ ማኅበራት አሠልጣኝ ሆነው ለመሥራት ተስማምተዋል።

«አንቺ ደግሞ» አላት ኃይለ ሚካኤል፣ «አዲስ ማሽን ስናስብ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ትገቢያለሽ። ካለቀ በኋላ አይደለም። ብረቷ ገና ስትሠራ ቀይ መሆን ነበረባት።»

አስቻለው ከኋላዋ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «መክደኛው ላይ የሚለጠፈውን ለማስታወቂያም ልወስደው ነው» አለ። «ቃሉን ሳልነካ።»

ዮርዳኖስ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ያን ጊዜ ትዝ አላትና ነፊሳ ወዳመጣችው ዳቦ እጇን ስትዘረጋ ይሁኔ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ብብቱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም መጽሐፍ ይዟል። ካመጡት ከርሟል፤ ከሌላ ቦታ የገዙት የውኃ መሳቢያ ሞተር መጽሐፍ ነበር።

«ሞተሩ ወንዙ ዳር ቆሟል» አላት። «መጽሐፉ አማርኛ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን አልገባንም። እስቲ ይህንንም አማርኛ አድርጊልን።»

ዮርዳኖስ ገለባው ላይ ተቀመጠች፣ ዳቦውን በአንድ እጇ እንደያዘች መጽሐፉን ተቀበለችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

«መጀመሪያ ሞተሩን ስታስነሡት እጃችሁ የት እንደሚሄድ ንገሩኝ» አለቻቸው።